አባዬን ሞያሌን አሻግሬ ኬንያን ላሳየው ነው፤ ዐሥር ቀን አለን፣ ምከሩን

መምህሩ ከዲላ | ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሞያሌ መስመር ላይ ነው የኖረው። መጀመሪያ በኤንትሬ ከነተሳቢው፣ በኋላ በኤፍ ኤስ አር። እህሉን፣ ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውን ሞያሌ ያራግፋል፣ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ይመለሳል። ማዶውን ግን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም። ልጆች ሆነን «አባዬ፣ ኬንያ ምን ይመስላል?» ስንለው «ከማድርበት ሆቴል በረንዳ ላይ ይታያል፤ አፈሩም ግራሩም የኛው ነው፣ መኪናው ብቻ በግራ በኩል ይሄዳል» ይለን ነበር። ከዚያ በላይ የሚነግረን አልነበረውም።

አሁን 67 ዓመቱ ነው። አምና ጉልበቱን ሲያመው መሪ ለቀቀ። ደረጃ ሲወጣ ይቸገራል እንጂ በሜዳ ይራመዳል፣ ሌላ ሕመም የለበትም። እኔ መምህር ነኝ፤ ከጥምቀት በኋላ በሴሚስተር እረፍት ዐሥር ቀን አገኛለሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ዕቁብ ጥዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ለአንድ ነገር ብቻ ነው ያስቀመጥኩት፦ አባዬን ያንን መስመር ማሻገር።

ኢንተርኔት ላይ «የኬንያ ምርጥ ቦታዎች» ብዬ ስፈልግ የሚመጣው ሁሉ ማሳይ ማራ፣ ናኩሩ፣ አምቦሴሊ፣ ሞምባሳ ነው። ሁሉንም በዐሥር ቀን ማዳረስ ይቻላል? በየብስ ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ቪዛ ይጠይቃሉ? አባዬ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ እዚያ ምን ይበላል? የሄዳችሁበት ንገሩኝ።

---

የናይሮቢዋ | ኅዳር 9

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። ናይሮቢ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንጀራ እየጋገርኩ ለሀበሻ ምግብ ቤቶች አቀርባለሁ፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድም ያለ እኔ አስጎብኚ የለውም። ስለዚህ በድፍረት ልምከርህ።

አንደኛ ነገር፣ ማራን ተወው። ማራ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የአውሬ ጎርፍ፣ እነዚያ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዊልደቢስቶች ወንዝ ሲሻገሩ የሚታዩበት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግድም ነው። አንተ በጥር ስትመጣ መንጋው ታንዛንያ፣ ሴሬንጌቲ ደቡብ ላይ ወርዶ ይወልዳል። አንበሳማ በጥርም አይጠፋም። ግን ከናይሮቢ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ታልቃላችሁ፣ ብርህም ያልቃል፣ የአባትህ ጉልበትም አይወደውም።

የምትመጣው በየብስ ከሆነ (እሱን ነው የምመክርህ፣ እሳቸው ያን መስመር በእግራቸው ይሻገሩት እንጂ በአየር ካለፉት ምኑን አዩት?) ሳምቡሩ መንገድህ ላይ ነው። ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ ስትወርድ፣ ኢሲዮሎ ልትገባ ጥቂት ሲቀርህ አርቸርስ ፖስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የሳምቡሩ ጥብቅ ስፍራ እዚያው ነው። ኤዋሶ ንጊሮ የሚባል ወንዝ ያቋርጠዋል፣ ዝሆኖቹ ከሰዓት በኋላ ለውሃ ይወርዳሉ። ለእኛ ሰው ደግሞ እዚያ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ የግሬቪ የሜዳ አህያ። ከሌላው የሜዳ አህያ ይገዝፋል፣ ዝንጉርጉሩ ቀጭን ነው፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ሰፊ። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንዱን በስጦታ ልከውላቸው ነው ሳይንቲስቶቹ ስሙን ያወጡለት። ይሄን ለአባትህ እዚያው አውሬው ፊት ቆመህ ንገራቸው።

ሁለተኛ፣ የማልደራደርበት፦ ማህተም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ግን የመግቢያ አሠራራቸው ተቀያይሯልና ከመነሳትህ በፊት የኢሚግሬሽናቸውን ገጽ እየው። ቪዛ የለም ማለት ግን ዝም ብሎ ማለፍ ማለት አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስመጣ አንድ ደላላ «ማህተሙ ናይሮቢ ይመታል» ብሎኝ አመንኩት። ማርሳቢት ሳልደርስ አንድ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኛሁ። ፓስፖርት በእጄ እያለ ነው እንግዲህ። በዚያ መንገድ ስንት የኛ ልጅ በደላላ እየተነዳ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ፖሊሶቹ ሀበሻ ሲያዩ ያስቆማሉ። ማህተም ካለህ አይተውት ይመልሱልሃል፣ ከሌለህ ግን የምታስረዳበት አፍ የለህም። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱ ከጉዞው ዐሥር ቀን ቀድሞ መሆን አለበት፤ አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ነው።

ፌስታል! እናት ሆኜ ልለምንህ፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል አትቋጥር። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ (በፈረንጅ) ፌስታል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። በጨርቅ ከረጢት ያዝ። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ሃይላንድ ይዞ መግባት አይቻልም፣ የሚጣል ፕላስቲክ ከ2020 ወዲህ ታግዷል። ሁለት የብረት ኮዳ ግዛ።

ስለ ጾሙ አትጨነቅ። ጊዘሪ የሚሉት አለ፣ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለ፣ ንፍሮ በለው። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤና በርበሬ የለውም፣ በእጅ እየቆረሱ በጎመኑ ይበሉታል። የሚያስቸግረው ሻዩ ነው፤ «ቻይ» ካልክ ወተት ውስጥ የፈላ ነው የሚመጣው። በጾም ቀን «ቻይ ያ ራንጊ» በል፣ ቀዩን ያመጡልሃል።

ናይሮቢ ስትደርሱ ጻፍልኝ፤ ቤቴ ቡና አለ።

---

ቦረናው | ኅዳር 10

አባትህ ኦሮምኛ ይናገራሉ? ሃያ ሁለት ዓመት በያቤሎና በሜጋ የተመላለሰ ሾፌር የማይናገር አይመስለኝም። እንግዲያው እስከ ኢሲዮሎ አስተርጓሚው እሳቸው ናቸው፣ አንተ አይደለህም። ሞያሌ ማዶ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ቦረናና ገብራ የሞላበት ነው፤ ቋንቋው አንድ ነው። እኔ ያቤሎ ተወልጄ ሞያሌ ነው የምነግደው፣ ማርሳቢት ዘመድ አለኝ፣ ስዋሂሊ ግን ዛሬም በደንብ አልችልም፤ ቸግሮኝም አያውቅም።

መንገዱን በተመለከተ፦ ከዲላ ሞያሌ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ይሄን ለአባትህ አልነግራቸውም። በጠዋት ተነሡና ከነፀሐዩ ግቡ፣ እኛው በኩል እደሩ። በነጋታው ጠዋት ተሻገሩ። ኢሚግሬሽኑ የሁለቱም አገር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው የተመረቀው፤ መውጫውንም መግቢያውንም እዚያው ትጨርሳለህ። ከዚያ ማታ የሚነሣ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ናይሮቢ በአንድ ሌሊት ያደርሳል ይሏችኋል፣ እውነት ነው፣ ግን ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው መንገድ ነው፣ ሌሊቱን በየኬላው ስትወርድና ስትወጣ ነው የምታድረው፣ አገሩንም አታየውም። በቀን ማርሳቢት ድረስ ሂዱና እደሩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልቱ እንደ ምንጣፍ ነው። አስፋልቱ ሳይገባ ይሄ መንገድ ለጭነት መኪና የቀናት ሥራ ነበር። አባትህ ያኔ ከዚያ በኩል የሚመጡትን ሾፌሮች አቧራ ለብሰው ሳያዩዋቸው አይቀሩም።

ማርሳቢት ጫካ ነው፣ በበረሃ መሃል ያለ ደሴት በለው፤ ጠዋት ጉም ይለብሳል። አሕመድ የሚባል ዝሆን ነበራቸው፣ ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ። ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ እንዳይነካ አድርገውት በ1974 በእርጅናው ሞተ። አካሉን አስመስለው ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ አቁመውታል። ተራራውን አይታችሁ ናይሮቢ ላይ እሱን ብታዩት ጥሩ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ሞያሌ ያለ ሰው ጠይቁ። ለእኔ ብትጽፍልኝም የዚያን ቀን ያለውን እነግርሃለሁ።

---

ተጓዡ | ኅዳር 10

እኔ በማራው ጉዳይ ከእህታችን ጋር እስማማለሁ፣ ግን አምቦሴሊን አትዝለል። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በማለዳ ኪሊማንጃሮ በረዶውን ጭኖ 5,895 ሜትር ቁመቱን ያሳይሃል፣ ከሥሩ ዝሆኖች ተሰልፈው ይሄዳሉ። ከናይሮቢ አራት አምስት ሰዓት ነው። ሞምባሳ ለሽማግሌ ሰው ሙቀቱ ይከብዳል፣ ወበቅ ነው። እኔ ብሆን ባሕሩን ትቼ ተራራውን አሳያቸው ነበር።

---

የናይሮቢዋ | ኅዳር 10

ወንድሜ ተጓዡ፣ አምቦሴሊ ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መምህር፣ አባትህ ባሕር አይተው ያውቃሉ?

---

መምህሩ ከዲላ | ኅዳር 11

አያውቅም። በቪዲዮ ካልሆነ እኔም አላየሁም። ትናንት ማታ እራት ላይ በዘዴ ጠየቅሁት። «አሰብ የሚሠሩ ጓደኞች ነበሩኝ፣ እነሱ ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለኝና ዝም አለ።

ስለዚህ ሞምባሳ እንሄዳለን። ተጓዡ፣ ይቅርታ፣ ምክርህን ንቄ አይደለም።

---

የናይሮቢዋ | ኅዳር 11

እንግዲያው በባቡር ውሰዳቸው። ናይሮቢ ዳር፣ ሲዮኪማው ከሚባለው ጣቢያ ነው የሚነሣው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው አዲሱ ሐዲድ ነው፣ ሞምባሳ አምስት ስድስት ሰዓት ግድም። ጻቮ የሚባለውን የአውሬ ፓርክ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ ሐዲዱ ከፍ ባለ ድልዳል ላይ ስለሆነ ዝሆን ከመስኮት ይታያል። ትኬቱን ቀደም ብለህ ቁረጥ፣ ይሞላል። ሞያሌ ማዶ ስትገባ በፓስፖርትህ የሳፋሪኮም ሲም አውጣና ኤም ፔሳ ክፈት፤ ትኬቱም ታክሲውም ንፍሮውም በሱ ነው። ፓርኮቹም ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የኬንያውያኑ ዋጋ አይሠራልንም፣ ያን አስበህ በጀት ያዝ።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር፤ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ»፣ ሁለት ሰዓት «ሳ ምቢሊ»። ትኬት ላይ የሚጻፈውና በእንግሊዝኛ የሚነገርህ ግን በፈረንጅ ነው። እንዳትምታታ።

---

መምህሩ ከዲላ | የካቲት 6

ተመልሰናል። የመከራችሁኝን ሁሉ ስላደረግኩ ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ።

ሞያሌ ባረፍንበት ማግሥት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ማህተሙ ተመታ፤ ሠራተኛዋ አባዬን «የጉዞ ዓላማ?» ስትለው በኦሮምኛ «ማየት» ብሎ መለሰላት። ከሕንፃው ወጥተን መኪናዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ የሚቀያየሩበት ቦታ ላይ ስንደርስ ቆመ። ዞሮ የኛውን ሞያሌ ማየት ጀመረ። መንገድ የጠፋበት መስሎኝ «አባዬ፣ ወደዚህ ነው» ስለው ዝም በል ብሎ በእጁ ከለከለኝ። ያድርበት የነበረውን በረንዳ እየፈለገ ነበር። አገኘው፤ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ፎቅ ጨምሮበታል። «ከዚያ ነበር የማየው፣ እዚህ ጋ» አለና በከዘራው መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። ደርሼበታለሁ ሲል ነው።

ቦረናው እውነትህን ነው። እስከ ኢሲዮሎ እኔ ዕቃ ተሸካሚ ነበርኩ። ማርሳቢት ያደርንበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ አባዬ ስለ ዱብሉቅ ኤላ (የውሃ ጉድጓድ)፣ ስለ ኤል ሶድ ሐይቅ ጨው ሲያወራላቸው በ1990ዎቹ መኪና የተገለበጠበትን አንድ መታጠፊያ ሁለቱም ያውቁታል። እስከ አምስት ሰዓት ሌሊት አወሩ። ኬላ ላይ አምስት ቦታ አስቆሙን። ማህተሙን እያዩ «ካሪቡ» (እንኳን ደህና መጣችሁ) እያሉ መለሱልን። ከእኛ ጋር የነበሩ ሁለት ልጆች ወርደው ቀሩ። ከሃያ ዓመት አይበልጡም። አባዬ መስኮቱን ከፍቶ በኦሮምኛም በአማርኛም ሊያናግራቸው ሞከረ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። እስከ ሌሳሚስ ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ሳምቡሩ አንድ ሌሊት አደርን፣ በማለዳ በመኪና ወጣን። ዝሆን፣ መረብ የመሰለ ቆዳ ያለው ቀጭኔ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ቅጠል የሚቀጥፍ ገረኑክ አየን (እሱን አባዬ ያቤሎ መንገድ ላይ ያውቀዋል)። የምኒልክን ታሪክ የግሬቪው የሜዳ አህያ ፊት ነገርኩት። ብዙ አየውና «ይሄን ያህል አውሬ ከሸዋ እስከ ባሕር ማን ነድቶ አደረሰው?» አለኝ። የሾፌር ጥያቄ ነው፤ መልሱን አላውቅም ነበር፣ አሁንም እየፈለግኩ ነው።

ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት ጋ ወርደን ፎቶ ተነሣን። ናይሮቢ ሁለት ቀን ነበርን። የናይሮቢዋ እህታችን ቤት ቡና ጠጣን፣ ዓርብ ስለነበር ሽሮ ሠርታ ጠበቀችን፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከተማው መሃል ያለውን የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ስናልፍ አባዬ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው። የቀጭኔ ማዕከሉ ላይ ከእጁ ሲበላለት እንደ ልጅ ሳቀ። ሙዚየሙ ግን ከሁሉም ቦታ ያቆየን ነው፤ አሕመድን አይተን፣ ወደ ውስጥ ገብተን እ.ኤ.አ. በ1984 ቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተገኘውን፣ ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ግድም የሆነውን የልጅ አጽም አየን።

ባቡሩ ላይ ትኬቱ «8:00» ይላል፣ እኔ አውቄዋለሁ፣ አባዬ ግን አላመነኝም። ጥበቃውን በምልክት ጠየቀው። ሰውየው «ሳ ምቢሊ» ሲለው ዞሮ «ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰምተሃል?» አለኝ። ጻቮ ላይ ዝሆኖቹ ቀይ ናቸው፣ አፈሩን ለብሰውት።

ሞምባሳ ተጓዡ እንዳለው ወበቁ ከባድ ነው። ፎርት ጂሰስን፣ ፖርቱጋሎቹ እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩትን ግንብ፣ ደረጃው ስላስቸገረው ግማሹን ብቻ ነው ያየነው። ባሕሩ ጋ የሄድነው በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ፀሐዩ ሳይከር። ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤ ያ የሚያመው ጉልበቱ ያበጠ ነው፣ በብርሃን እንደዚያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ውሃው እስኪነካው ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጨለፈና ቀመሰው። «ከኤል ሶድ ጨው ይለሳል» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆመ ቀረ፤ እኔም አልጠራሁትም።

ለሚሄድ ሰው የምጨምረው ትንሽ ነው። የብረት ኮዳውን እውነትም ፓርኩ በር ላይ ያዩታል። ከናይሮቢ ቦሌ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ግድም ስለሆነ በአየር መመለስ ለሽማግሌ ሰው ጥሩ ነው። ማርሳቢት በጥርም ቢሆን ማታ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ይዤ መጥቻለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ካርታ ላይ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አሳየሁት። ከተመለስን ጀምሮ «ያ ውሃ የሚያርፍበትን ማየት እፈልጋለሁ» እያለኝ ነው። ከማርሳቢት በቻልቢ በረሃ በኩል ወደ ሎያንጋላኒ የሄደ ሰው አለ? መኪናው ምን ዓይነት መሆን አለበት? የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ይችለዋል? ዕቁቡን እንደገና ጀምሬያለሁ።